ትሬቨር ፕሮጀክት ከድሬዳዋ ሲታይ፦ የትኛው በር ይከፈታል?

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጥ። የአሜሪካው ትሬቨር ፕሮጀክት ለኤልጂቢቲኪው ወጣቶች፣ ማለትም የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ላላቸውና በጾታ ማንነታቸው ለሚለዩ፣ ከቆሙ ድርጅቶች መካከል ስማቸው ከናኘው አንዱ ነው፤ ሥራውንም አክብረን ነው የምንጽፈው። ዋናው አገልግሎቱ ግን፣ በጭንቅ ሰዓት ተደውሎ ሰው የሚያነጋግርበት መስመር፣ ለድሬዳዋና ለሐረር ልጅ አልተዘረጋም። ከዚህ ሆኖ የሚያገለግለው ትሬቨርስፔስ የተባለው የወጣቶች መገናኛና በገጹ ላይ የተቀመጡት ጽሑፎች ናቸው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በከፋ ሌሊት ቁጥሩን ሞክሮ መልስ ያጣ ልጅ ጥፋቱ የመስመሩ እንደሆነ አይገባውም፤ እዚያም የሚፈልገኝ ሰው የለም ብሎ ነው ስልኩን የሚያስቀምጠው።

ከዚህ በታች “ዜጋ” የምንለው፣ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ያላቸው ኢትዮጵያውያን እርስ በርስ የሚጠራሩበትን ቃል ተውሰን ነው።

የድርጅቱ አነሳስ አንድ አጭር ፊልም ነው። ራሱን ለማጥፋት ስለሚሞክር የ13 ዓመት ልጅ የሚተርከው “ትሬቨር” እ.ኤ.አ. በ1995 በአጭር ፊልም ዘርፍ ኦስካርን ከሌላ ፊልም ጋር ተጋራ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1998፣ ኤችቢኦ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሊያሳየው ሲዘጋጅ ሠሪዎቹ በፊልሙ ውስጥ ራሱን የሚያይ ልጅ የሚደውልበት ቁጥር በስክሪኑ ላይ ሊያወጡ ፈለጉ። ለእንዲህ ያሉ ወጣቶች ተብሎ ቀን ከሌሊት የሚሠራ አገር አቀፍ መስመር አላገኙም። ስለዚህ ራሳቸው ከፈቱት፤ ፊልሙ በታየበት ምሽት ስልኩ መጮህ ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው እድገት ነው። በስልክ ላይ ቻት ተጨመረ፣ በቻት ላይ የጽሑፍ መልእክት፤ ሁለቱም መጀመሪያ በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነበሩ፣ በኋላ 24 ሰዓት ሆኑ። በጥቅምት 2022 ሜክሲኮ ውስጥ በስፓኒሽ ሥራ ተጀመረ፤ ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያው ይህ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ራስን ለማጥፋት ለሚያስቡና ለተጨነቁ ሰዎች 988 የሚባለውን አጭር ቁጥር ከፈተ፣ 3ን ለሚጫኑ ወጣቶችም ለእነሱ የሠለጠነ ሰው እንዲያነሳ ተደረገ፤ ትሬቨርም ከሚያነሱት አንዱ ሆነ። ይህ የ3 ቁጥር አማራጭ በሐምሌ 2025 በመንግሥት ውሳኔ ተዘጋ። የትሬቨር የራሱ መስመር አልተዘጋም፤ በመንግሥት በጀት ላይ የቆመው ክፍል ግን በአንድ ውሳኔ ሄደ።

እድገቱ ድርጅቱን ከውስጥም አንገራግጮታል። በኅዳር 2022 ሠራተኞች ድርጅቱ ከአቅሙ በላይ በፍጥነት እየሰፋ ነው፣ የሥልጠናው ጥራትም እየወረደ ነው ብለው ካማረሩ በኋላ ቦርዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን አነሳ። በቀጣዩ ዓመት ሠራተኞቹ ማኅበር አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት የሠራተኛ ቅነሳም መጣ። ይህን የምንጠቅሰው ለማሳጣት አይደለም። የእንዲህ ያለ ድርጅት አቅም የሚለካው ስልክ አንሥቶ በሚሰማው ሰው ብቃት ነው። አንድ በጎ ፈቃደኛ 40 ሰዓት ገደማ ይሠለጥናል፣ ከዚያ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በሳምንት አንድ የ3 ሰዓት ተራ ይገባል። የተራው ቁጥር ሳይጨምር ማስታወቂያው ቢጨምር ትርፉ ረጅም ወረፋ ነው። ከ2021 ወዲህ ሠልጣኞች በጭንቀት ላይ ያለ ልጅን ንግግር ከሚመስል የኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር ይለማመዳሉ። ፕሮግራሙ ለልምምድ ብቻ ነው፤ ጭንቀት ይዞ የሚመጣን ልጅ የሚያነጋግረው ሰው ነው።

ታዲያ ለምን እዚህ አይሠራም? መጀመሪያ፣ በ866 የሚጀምረው የትሬቨር ስልክ ቁጥር የአሜሪካ ነፃ መስመር ነው፣ አጭር የጽሑፍ ቁጥሩ 678678ም በአሜሪካ ኔትወርክ ላይ የተመዘገበ ነው። ሲሙ የኢትዮ ቴሌኮም ይሁን የሳፋሪኮም ለውጥ የለውም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎቱን በነሐሴ 2022 መሞከር የጀመረው ድሬዳዋ ላይ ነበር፣ ለዚህ ጉዳይ ግን የጨመረልን በር የለም። ቀድሞ የአሜሪካ ነፃ ቁጥሮችን በስካይፕ መደወል ይቻል ነበር፤ ስካይፕ ራሱ በግንቦት 2025 ተዘግቷል። ቪፒኤን አብርቶ አሜሪካ ያለ መስሎ ቻት ውስጥ መግባት ደግሞ አንመክርም። አማካሪው ሕይወት አደጋ ላይ ነው ብሎ ሲያምን የድንገተኛ እርዳታ ሊጠራ ይችላል፤ የሚጠራው በተነገረው አድራሻ ነው። የሐሰት አድራሻ ከተሰጠ እርዳታው አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ የማያውቁት ሰው በር ላይ ይቆማል፤ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ላለው ልጅ የሚደርስለት የለም።

ሌላው ምክንያት ሕጉ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ድርጊትን በቀላል እሥራት ያስቀጣል፤ አንቀጽ 630 ደግሞ ቅጣቱን የሚያከብዱ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። ሕጉ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው። ሰፈር ግን ድርጊትና ጥርጣሬን አይለይም፣ የሩቅ አማካሪም ይህን ሁሉ አያውቀውም። “ወደ ፖሊስ ሂድ”፣ “ለትምህርት ቤት አማካሪ ንገሪ” የሚለው ምክር እዚያ መልካም ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ልጁን ሊያጋልጠው ይችላል። ገጹ ላይ የምታነቡትን ምክር ሁሉ በዚህ ወንፊት አሳልፉት።

አሁን ወደሚከፈተው በር እንምጣ። ትሬቨርስፔስ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 24 የሆኑ ወጣቶች ከተለያየ አገር የሚገናኙበት ነው። ተቆጣጣሪዎች አሉት፣ እውነተኛ ስም አይጠይቅም። እዚያ ያለው የእኩዮች ወሬ ነው፤ የባለሙያ ምክር አይደለም፣ ለድንገተኛ ጊዜም አይሆንም። ብቸኝነትን ማቅለል ላይ ግን ጥሩ ነው፤ ለአንድ የከዚራ ወይም የጀጎል ልጅ ጭንቀቱ በሌላ አገር እኩያውም ላይ እንዳለ ማየት ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ስትመዘገቡ ችግር የሚጀምረው ከኢሜይሉ ነው። ስልኩ ላይ ያለው የጉግል አካውንት ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ነው፣ ወይም በወንድም ስልክ ላይም ተከፍቷል። በእሱ ከተመዘገባችሁ የማረጋገጫ መልእክቱ እራት ላይ በሌላ ሰው ስክሪን ብቅ ይላል። ለዚህ ብቻ የሚውል አዲስ ኢሜይል ክፈቱ። ጂሜይል ብዙ ጊዜ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቁጥሩ ደግሞ በወላጅ ስም የተመዘገበ ሲም ሊሆን ይችላል፤ ፕሮቶን ሜይልን ብዙ ጊዜ ያለ ስልክ ቁጥር መክፈት ይቻላል። የይለፍ ቃሉን ደብተር ላይ አትጻፉ። እንደገቡ የመጀመሪያው ሥራ በኢሜይል የሚመጡ ማሳወቂያዎችን በሙሉ ማጥፋት ነው።

ገጹን በአሳሹ ኢንኮግኒቶ መስኮት ክፈቱት። በክሮም ኢንኮግኒቶ ውስጥ ታሪክ አይቀመጥም፣ የጂቦርድ ኪቦርድም የጻፋችሁትን ቃል አይማርም። ይህ ቀላል አይደለም፤ ታናሽ እህት ለእናቷ መልእክት ስትጽፍ ኪቦርዱ በራሱ የሚያቀርበው ቃል ስንቱን አጋልጧል። ኢንኮግኒቶ ግን ከስልኩ ውጭ አያድንም። የካፌ ወይም የጎረቤት ዋይፋይ ባለቤት የምታነቡትን ይዘት ባያይም የከፈታችሁትን ድረ ገጽ ስም ሊያይ ይችላል። በራስ ዳታ መጠቀም ይሻላል፤ አብዛኛው ጽሑፍ ስለሆነ አነስተኛ የቀን ጥቅል ይበቃል። የትሬቨር ገጽ በኮምፒውተር ላይ ኤስኬፕ የሚለውን ቁልፍ ሦስት ጊዜ በፍጥነት ሲመቱት ተሰውሮ ሌላ ገጽ ይከፍታል፤ ያየናቸው ብዙ ወጣቶች ይህ ታሪኩንም የሚያጠፋ ይመስላቸዋል። አያጠፋም። ገጹን ከዓይን ይሰውራል እንጂ የአሳሹ ታሪክ ውስጥ እንዳለ ነው።

ስክሪንሾት አታንሡ። የፎቶ ማከማቻው ከቤተሰብ አካውንት ጋር የተያያዘ ከሆነ ምስሉ ሌላ ስልክ ላይ ሊወጣ ይችላል። ስልክ ሲበላሽም ታይዋን ሰፈር ላለው ጠጋኝ ፓተርኑን ነግሮ ጥሎ መሄድ ልማድ ሆኗል፤ ከመስጠታችሁ በፊት ከአካውንቱ ውጡ፣ ሲሙንና ሚሞሪውን አውጡ፣ ከተቻለም ሥራው እስኪያልቅ አጠገቡ ቁሙ።

የምትጽፉት ነገር ከምትከፍቱበት መንገድ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት። “ኢትዮጵያ ነኝ” ማለት ብዙ ሰው ውስጥ ይደብቃል፤ “የድሮው የባቡር ጣቢያ ያለባት ሞቃት ከተማ” ማለት ግን ስሟን እንደመጥራት ነው። ሐረር ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ስለ ጅብ ማብላት ወይም ስለ ግንቡ አንድ ዐረፍተ ነገር ከወጣ በኋላ የቀረው የትምህርት ቤትና የክፍል ግምት ነው። የእህትና የወንድም ቁጥር፣ የአባት ሥራ፣ የለቅሶና የሠርግ ቀን አትጻፉ። አንዱ ብቻውን ምንም አይደለም፣ አራቱ ሲደመሩ ግን ሰፈሩ የሚያውቀው አንድ ቤት ይወጣቸዋል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በእኛ ምሽት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚገኙት በአብዛኛው የአውሮፓ ወጣቶች ናቸው። የአሜሪካኖቹ ምሽት የሚሟሟቀው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ በእነሱ የብርድ ወራት ደግሞ አንድ ሰዓት ይዘገያል። ማታ ጽፎ መልስ ሲያጣ ተስፋ የሚቆርጥ ብዙ ነው። ማታ ጽፋችሁ ተኙ፣ ጠዋት ተመልከቱ። ሌሊት ነቅቶ መጠበቅ እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ጭንቀትን እንደሚያከብድ የታወቀ ነው።

ትልቁ ጉድለት ቋንቋው ነው። አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሶማሊኛም፣ ሐረሪም የለም። እንግሊዝኛው ቀላል ስለሆነ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በትርጉም መሣሪያ እየታገዘ ሊከተለው ይችላል፤ ጣጣው መሣሪያው ላይ ነው። ወጣቶቹ ራሳቸውን በፍቅር የሚጠሩበትን ቃል መሣሪያው ብዙ ጊዜ በሕግና በስድብ ቋንቋ ይመልሰዋል፤ ራሱን ለመረዳት የሄደ ልጅ ገጹ ላይ የወንጀል ክስ የሚመስል ዐረፍተ ነገር ያነባል። ሌላም አለ። በእንግሊዝኛ አማካሪው “አንተ” ሳይልም “አንቺ” ሳይልም ሙሉ ሌሊት ማውራት ይችላል። በአማርኛ ግን “እንዴት ነህ” እና “እንዴት ነሽ” ከመጀመሪያዋ ሰላምታ ይለያያሉ፤ ግሡ ራሱ ይፈርዳል። “እርስዎ” ቢባል አዲስ አበባ ላይ ያስኬዳል፤ ድሬ ላይ ግን ፍቅርም አክብሮትም በ“አንተ”ና በ“አንቺ” ስለሚነገር “እርስዎ” ልጁን እንግዳ ያደርገዋል። አንድ ቀን በአማርኛ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚከፍት ካለ ከስልክ ቁጥሩ በፊት ይህን መፍታት አለበት። “እንዴት ብጠራ ደስ ይላል?” ብሎ መጀመር አንዱ መንገድ ነው፤ “ምን ልበልህ/ልበልሽ” ከማለት ያድናል። ከኢትዮጵያውያን ወገን ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለው ድርጅት ስለ ዜጎች መብት በአደባባይ ይናገራል፣ የቋንቋውን ክፍተት ከማንም በላይ የሚያውቁትም እንዲህ ያሉ ናቸው።

ስለ አስመሳዮች ሳንናገር ማለፍ አንችልም። የሚመጡት በቴሌግራም ነው። “ከትሬቨር ነኝ” ወይም “እኔም ዜጋ ነኝ” ይላሉ፣ ሁለት ቀን በደንብ ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከፎቶው በኋላ ቴሌብር። ትሬቨር ከወጣት ገንዘብ አይጠይቅም፣ ፎቶም አይጠይቅም። አስቀድማችሁ በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያይ፣ ማንም ወደ ግሩፕ እንዳያስገባችሁ አድርጉ። ማስፈራራት ከተጀመረ አትክፈሉ፤ አንዴ የከፈለ እንደገና እንደሚከፍል ስለሚያውቁ ይመለሳሉ። መልስ ሳትሰጡ ዝጉት፣ የተጠቃሚ ስማችሁን ቀይሩ፣ ያስፈራራችሁበትን ጽሑፍ ግን አታጥፉት።

ጽሑፎቹ ውስጥ ምርጡ ራስን ለሌላ ሰው ስለ መግለጥ የተዘጋጀው መመሪያ ነው፤ ማንም ሰው የመናገር ግዴታ እንደሌለበት አጥብቆ ያስረዳልና። መቼ፣ የት፣ ነገሩ ከከፋ የት እንደሚታደር አስቀድሞ ማሰብን ይመክራል። በውጭ አገር መጠለያ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ለምሳሌ ከቤት ለተባረሩ እንዲህ ያሉ ወጣቶች ብቻ የሚሠራ ድርጅት ከ1989 ጀምሮ አለ። ድሬ ላይ የለም፤ ስለዚህ የትራንስፖርት ብር፣ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ አንድ ቦታ ተዘጋጅተው፣ የሚያስጠጋ አክስት ወይም ጓደኛ እስኪገኝ ድረስ ዝም ማለት ፍርሃት ተብሎ ሊወቀስ አይገባም። ነገሩን በቴሌቪዥን ዜና አሳብቦ የቤቱን ስሜት መሞከር የሚለውንም ምክር እዚህ ተጠንቀቁበት፤ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ሁሉም በተሰበሰበበት የተነሣ ጥያቄ ጠያቂውን ነው የሚያስጠረጥረው።

ጭንቀቱ ራስን ወደ መጉዳት ሐሳብ ከደረሰ የትኛውንም ገጽ ዝጉና ወደ ሰው ሂዱ። ድሬዳዋ ድል ጮራ፣ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል አላቸው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ለሐኪም የሚነገረው ሕመሙ ነው፦ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደጠፋ፣ ምግብ መቼ እንደተበላ፣ የመሞት ሐሳቡ መቼ እንደጀመረና ምን ያህል እንደሚመላለስ። ማንን እንደምትወዱ መናገር ግዴታ አይደለም፣ ሳይነገርም መታከም ይቻላል። ጓደኛ ከሆናችሁ ደግሞ በግልጽ ጠይቁ፤ “ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?” ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፣ የትሬቨር አማካሪዎችም የሚሠለጥኑት ይህን ፊት ለፊት እንዲጠይቁ ነው። ብቻውን አትተዉት፣ የሚጎዳውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ።

ከድርጅቱ ሥራ ሁሉ ያለ ኢንተርኔትም፣ ያለ እንግሊዝኛም እዚህ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። በ2019 ያወጣው ጥናት ቢያንስ አንድ የሚቀበላቸው አዋቂ ያላቸው ወጣቶች ባለፈው ዓመት ራስን ለማጥፋት ሞክረናል የማለታቸው ዕድል በ40 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። አንድ አዋቂ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ አይደለም። ጥናቱ በአሜሪካ ወጣቶች ላይ የተሠራ ነው፣ የአክስትና የአጎት ጉልበት ግን እዚህ ከዚያ ቢበዛ እንጂ አያንስም። የዚያ ሰው ሥራ ቀላል ነው። እንግዳ ፊት “መቼ ነው የምታገባው?” የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ወሬውን ወደ ሌላ ያዞራል። የሰማውን ለእናትም ቢሆን አያወራም። ልጁ ከሰዎች ርቆ ጓዳ ሲቀመጥ በሩን ቆርቆር አድርጎ “አቦ ና፣ እራት ቀርቧል” ይላል፣ ከጎኑም ቦታ ይለቅለታል።